ከዘንዶው ንጉሥ ጎን የተሰጣው ወንድማችን

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእናቴ ምትክ፣

ከሁሉ በፊት ይህን እወቂልኝ፤ በዚህ ወረዳ ብዕር ከጨበጠ ሰው ሁሉ እኔን የሚስተካከል የለም። መምህርቷ ራሷ «ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ፣ እኔም ልድረስብዎት» ብላኛለች። እሺ፣ እንደዚያ እንኳ አላለችም። ያለችው «ጋሼ፣ ቀስ ብለው ይጻፉ፣ ወረቀቱን ቀደዱት» ነው። ቢሆንም ከማታው ትምህርት ክፍል አንደኛ መሆኔን የሚክድ የለም፤ ከተማሪዎቹ ግማሹ ዓይናቸው አያይም፣ የቀሩት የሚመጡት ለማራገቢያው ንፋስ ነው።

እንዴት ከርመሻል እታለም? ጉልበትሽስ ተሻለው? የፋብሪካው ማድ ቤት እንፋሎት አላስቸገረሽም? እዚያ ደቡብ ዝናቡ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ልብስ ያሻግታል ያልሽኝን ለሰፈሩ ሰው ባወራ የሚያምነኝ ጠፋ። «ደግሞ ጀመረ ይሄ ቀደዳ!» አሉኝ። እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። «ሰማይ ይመስገን» ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ግን ዘንድሮ በመንደራችን ሰማይን ያመሰገነ ሰው ይደበደባል።

በስልክ «ሽዋንጁ እንዴት ሞተ?» ብለሽ ስትጠይቂኝ «ልቡ ናት» አልኩሽ። «ማን ነበር አብሮት?» ስትዪ ደግሞ መስመሩ ተቋረጠ። መስመሩ አልተቋረጠም፤ እኔ ነኝ የዘጋሁት። አንቺ ጀርባሽ ላይ አዝለሽ ያሳደግሽው ታናሽ ወንድማችን ነውና እንዴት እንደሄደ ልታውቂ ይገባል። ስልክ ላይ ምላሴ ይቀድመኛል። ወረቀት ላይ ግን አንዱን ቃል ጽፌ እስክጨርስ ፀሐይ ስለምትዞር፣ መዋሸት ራሱ አድካሚ ነው። ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

ፖሙ ካበበ ወዲህ ጠብ ያለ ነገር የለም። ፍሬውን እንደ ወጋችን አንድ በአንድ የወረቀት ከረጢት አለበስነው፤ ጣት እስኪላጥ ድረስ የሚያሠራውን ሥራ አንቺም አልረሳሽውም። ዘንድሮ ከረጢቱን ገለጥ ስታደርጊው ውስጡ ያለው ፖም አይደለም፣ የሽማግሌ ጉልበት ነው። ማሽላውም ቁመቱ ከቁርጭምጭሚቴ ሳያልፍ ቢጫ ሆነ። የጉድጓዱን ውሃ በተራ ነው የምንቀዳው፤ የተቀዳውንም እስኪጠል ድረስ ጭቃውን እያየን እንጠብቃለን።

ደመና ጨርሶ ባይመጣ ኖሮ ማንም ማንንም ባልጠረጠረ። ድርቅ ስናይ የመጀመሪያችን አይደለም። ደመናው ግን ይመጣል። በምዕራብ ሸንተረሩ ላይ ጠቁሮ ይቆለላል፤ ሴቶቹ ባልዲያቸውን ጣሪያ ስር ይደረድራሉ፤ ንፋሱ የረጠበ አፈር ሽታ ይዞ ይመጣል። ከዚያ ከላይ አንድ አውሮፕላን ነጭ ጭረት አስምሮ ያልፋል። ደመናውም እንደ ተሰደበ እንግዳ ጓዙን ሰብስቦ ይሄዳል።

ባለ ሱቁ ታን ትዝ ይልሻል፣ ያ ሆምጣጤ ላይ ውሃ የሚቀላቅለው። ቀኑን ሙሉ ስልኩ ላይ ተጥዶ ስለ ሰማይ ጭረት የሚያወሩ ሰዎችን ያዳምጣል፤ ማታ ማታ ደግሞ ለእኛ ይሰብካል። «ከኮረብታው ማዶ ከፀሐይ መብራት የሚያመርቱት አሉ አይደል? እነሱ ፀሐይ ይፈልጋሉ፣ እኛ ዝናብ እንፈልጋለን። አውሮፕላን መላክ የሚችለው ማነው፣ እኛ ነን ወይስ እነሱ?» ይላል። ሰው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። እኔም ነቀነቅኩ፣ ምን ልደብቅሽ። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲወራ ራስ ብቻውን ይነቀነቃል።

ሽዋንጁ የተቀጠረበትን የበረዶ መከላከያ ጣቢያ አንቺ አላየሽውም። ኮረብታው ጫፍ ላይ ያለ አንድ ክፍል ጡብ ቤት ነው፤ የቆርቆሮ ጥላ አለው፤ ከፊቱ ወደ ሰማይ አፉን ከፍቶ የቆመ የሮኬት መተኮሻ ብረት አለ። ከወረዳው ስልክ ተደውሎ «ሰማዩ ነፃ ነው፣ ተኩስ» ከተባለ ይተኩሳል፤ ካልተባለ አይነካውም። ሮኬቱ በሆዱ የብር ጨው ይዟል ይባላል፤ በረዶው ፖሙን ሳይደበድብ እዚያው አየር ላይ ያሟሟዋል አሉ። አምና የጎረቤት መንደር ፖም በበረዶ ሲራገፍ የእኛ ስለተረፈ «የሰማይ ዘበኛችን» እያሉ በየቤቱ ኑድል ያበሉት ነበር። እኔም የዘበኛው ወንድም ነኝ እያልኩ አብሬ እበላ ነበር።

ዘንድሮ ያበሉት ሰዎች ፊታቸውን አዞሩበት። ደመና በመጣ ጊዜ ከወረዳው ታዘዘና ተኮሰ፤ ደመናውም ሄደ። በማግስቱ የዘንዶው ንጉሥ ቤተ መቅደስ ቁልፍ ያዥ እማማ ፌንግ መንገድ ላይ አቆሙት። «ምን አድርጎህ ነው ያባረርከው?» አሉት። «እማማ፣ በረዶ ነበር እኮ። ቢወርድ ቅጠል አይተርፋችሁም ነበር» አላቸው። «ይውረዳ! በረዶም ቢሆን ሲቀልጥ ውሃ ነው!» አሉት። ባርኔጣውን ደፍቶ ወደ ኮረብታው ወጣ።

ስለ አውሮፕላኑም ሊያስረዳቸው ሞክሯል። መንገደኛ የጫኑ ናቸው፣ ጭረቱም በክረምት ከአፋችን እንደሚወጣው እንፋሎት ነው አላቸው። ታን ብድግ ብሎ «ታዲያ የእኔ አፍ ለምን ደመና አያባርርም?» አለ። እኔም «ያንተ አፍ'ማ ደንበኛ ነው የሚያባርረው» አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ። በዚህ መንደር ነገር ሲከር ወደ እኔ ይታያል፤ አንድ ነገር ጣል አደርጋለሁ፣ ይበተናል። ይህን ስልሽ ጉራ አይደለም፤ እንዲያው ሥራዬ እንደዚያ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ለማንም አላወራሁም። እኔና እሱ የእማዬ መቃብር አጠገብ ካለው እርሻ የደረቀውን ፖም እያራገፍን ነበር። አቀርቅሮ ሲሠራ ቆየና «ወንድም ጋሼ፣ እኔ ብሆንስ?» አለኝ። «ምኑን?» አልኩት። «ዝናቡን የማባርረው። ሮኬቱ ታሽጎ ነው የሚመጣልኝ፤ ሆዱን ከፍቼ አይቼው አላውቅም። የብር ጨው ነው አሉኝ፣ እሺ አልኩ። ተኩስ ይሉኛል፣ እተኩሳለሁ። ደመናው ይሄዳል። እነ ታን እውነታቸውን ቢሆንስ?» አለኝ። እኔም «አንተ'ማ በልጅነትህ ዶሮ እንኳ ማባረር አትችልም ነበር፤ እታለም ናት የምታባርርልህ» አልኩት። ሳቀ። እታለም፣ ቀልድ አልነበረም የፈለገው፤ መልስ ነበር የፈለገው።

በመጨረሻ የዝናቡን ጌታ፣ የዘንዶውን ንጉሥ ሐውልት አወጣነው። አያቶቻችን እንዳደረጉት ራሳችን ላይ የአኻያ ቅጠል ጎንጉነን፣ ከበሮና ጸናጽል እየመታን ከቤተ መቅደሱ ተሸክመን አውድማው መሃል ፀሐይ ላይ አሰጣነው፤ እኛን የሚያቃጥለው እሱንም እንዲያቃጥለው። ሕጉን ታውቂያለሽ፤ ለተሰጣው ጥላ የያዘ፣ ውሃም የረጨ ሰው የመንደሩን ዝናብ ከለከለ ይባላል። ችግሩ ምን መሰለሽ፣ አንቺ የምታውቂው የድሮው ንጉሥ የጭቃ ነበር። ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል፤ ሲሰነጠቅ ያሳዝናል፤ ሲያሳዝን ይዘንባል። እሱ ፈርሶ አዲስ ሠራንለት፣ በሲሚንቶ። ይኼኛው ፀሐይን ከምንም አይቆጥርም። ቀን በቀን ስናሰጣው ከርመን ከአፍንጫው ላይ ቀለም ተላጠ፤ ሌላ የሆነው ነገር የለም። እማማ ፌንግ ሌላው ቢቀር ቅር ይበለው ብለው በጥፊ መቱት። እጃቸው አበጠ።

ያን ቀን ሰው ሁሉ አውድማው ላይ ነበር። እማማ ፌንግ ያበጠ እጃቸውን ታቅፈው መሬት ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ሰማንያ ያለፋቸው ሴት እንደ ሕፃን ሲያለቅሱ ማየት ይከብዳል፤ ሁሉም አንገቱን ደፋ። ያን ጊዜ ከኋላ አንድ ድምፅ «እኛ'ኮ የተሳሳተውን ንጉሥ ነው ያወጣነው! እውነተኛው ዘንዶ ደሞዙን እየበላ ቆርቆሮ ጥላ ስር ተቀምጧል። እሱን አስጡልን!» አለ። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። እማማ ፌንግ እንኳ በእንባቸው መሃል ሳቁ። ያን ያህል ከሳቅን ስንት ጊዜያችን ነበር! የማን ድምፅ እንደሆነ አላውቅም፤ ሰው ብዙ ነበር፣ ከበሮም ይመታ ነበር። ብቻ ማንም ይሁን ማን፣ ቀልድ የሚያውቅ ሰው ነው። ሰው ሊታነቅ ደርሶ ሳለ ያሳቀ ሰው ክፉ አስቦ ነው አይባልም።

ሽዋንጁ እዚያው ከሰው መሃል ቆሞ ነበር። ድምፁ ወደ መጣበት ዞር ብሎ አየ። ከዚያ እሱም ሳቀ። ያን ሳቁን ታውቂዋለሽ፤ ልጆች ሳለን እኔ በእሱ ስቀልድ እንዳላፍር ብሎ ለእኔ የሚስቅልኝን ሳቅ።

ሳቁ አለፈ፤ የሰው ዓይን ግን አላለፈም። ሰው ሳቁን ጨርሶ እዚያው እሱን እያየ ቀረ። ታን «ቀልድ አይምሰላችሁ» አለ። አንዷ «ጥፋት ከሌለበት ምን ያስፈራዋል?» አለች። እኔ ያን ጊዜ ሌላ ነገር ጣል ባደርግ ነገሩ ይበተን ነበር። ሥራዬ ነበር፣ ነገርኩሽ። አፌ ደረቀብኝ፤ የውሃ እጥረት ነው አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት በገዛ እግሩ ከኮረብታው ወረደ። ባርኔጣውን አወለቀና ንጉሡ እግር ስር አኖረው። «ማንም አላስገደደኝም፤ ይህንን ያዙልኝ። እኔ ከሆንኩ ሰማይ ተቀብሎኝ ይዘንባል። ካልዘነበ ደግሞ እኔ እንዳልሆንኩ ታውቁና ነገሩን ትተዉኛላችሁ» አለ። ከዚያ ከሲሚንቶው ጎን እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠ። እኔ ቀርቤ «ተው ባክህ፣ ተነስ፣ ሰው ይስቅብናል» አልኩት። «ይሳቁ ወንድም ጋሼ። ትናንት ሲስቁ ደስ አላለህም?» አለኝ። ሲናገር ነገር የለበትም፤ እንደ ቅን ሰው ነው የተናገረው። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ አጠገቡ መቆም አልቻልኩም፤ ሄጄ ከሰዎቹ ጋር ግድግዳው ጥላ ስር ተቀመጥኩ።

እስከ ቀትር የሠርግ ቤት ይመስል ነበር። ሴቶቹ የሱፍ ፍሬ እየፈለፈሉ ይቀልዱበታል። አንዷ «ጆሮው በስሏል፣ ገልብጡት!» ትላለች። እሱም «ጨው ጨምሩ፣ ከወረዳው የብር ጨው አለ» ይላል። ለካ እሱም ቀልድ ይችል ኖሯል፤ ከእኔ ነው የተማረው። ከቀትር በኋላ ግን ቀልዱ ከሁለቱም ወገን ቀረ። ፊቱ ቀልቶ፣ ቀልቶ፣ ከዚያ ቅላቱ ጠፋ። ላቡም ቆመ። እኔ ጥሩ ምልክት መስሎኝ «ለመደው» ብዬ አጠገቤ ላለው ሰው ነገርኩ። እንዲህ ብዬ መናገሬን እዚህ ላይ መጻፍ ከብዶኝ ሌላ ወረቀት አበላሽቻለሁ።

ውሃ ይዤ አልሄድኩም። ማንም አልሄደም። ከእኛ አንዱ ሄዶ ቢሆንና ባይዘንብ፣ እስከ ልጅ ልጁ ዝናብ የከለከለ ተብሎ ይኖራል። እማማ ፌንግ አንድ ጊዜ ባልዲያቸውን ይዘው ተነስተው ነበር፤ ሰው ሲያያቸው ተመልሰው ተቀመጡ።

ከዚያ አውሮፕላኑ መጣ። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ በጣም ከፍ ብሎ፣ ያንኑ ነጭ ጭረቱን እያሰመረ። ሁላችንም ተነስተን ቀና አልን። ታን ስልኩን አውጥቶ ይቀርፃል፤ ሴቶቹ ይራገማሉ፤ እኔም የአብራሪውን እናት ሰደብኩ፤ ጥሩ ስድብ ነበር፣ ሰው ተቀበለኝ። ጭረቱ ሰፍቶ ሰፍቶ እስኪበተን ድረስ ሁላችንም ሰማይ ሰማይ እያየን ስንሳደብ ቆየን። አንገታችን ሲደክመን ነው ወደ ምድር የተመለስነው። ሽዋንጁ ራሱን የዘንዶው ንጉሥ ጉልበት ላይ አስደግፎ ነበር፤ የተኛ ይመስላል። መቼ እንዳዘነበለ ያየ አንድም ሰው የለም።

«ማን ነበር አብሮት?» አልሽኝ። መላው መንደር አብሮት ነበር፣ እታለም።

እማማ ፌንግ ባልዲውን ሙሉ አፈሰሱበት። ውሃው በአገጩ ወርዶ መሬቱ ላይ ጠፋ፤ መሬቱ እንዴት ተጠምቶ እንደነበር ያን ጊዜ ነው ያየሁት። በባለ ሦስት ጎማ ሞተር ጋሪያችን ጭነነው ወደ ወረዳው ስንበር፣ ገና ከሸለቆው ሳንወጣ እጄ ውስጥ ያለው እጁ ከበደኝ። የወረዳው ሐኪም ሙቀት ነው አለ። «ምን ሲሠራ ነበር ፀሐይ ላይ?» ብሎ ጠየቀን። ሁላችንም ጫማችንን አየን።

ለአንቺ መድረሻ ጊዜ ሳንሰጥሽ የቀበርነው በሙቀቱ ምክንያት ነው፤ በዚህ አትቀየሚን። ሚስትም ልጅም ስላልነበረው ሳጥኑ ሲነሳ እንደ ወጋችን ልጅ ለአባቱ የሚሰብረውን የሸክላ ሳህን የሚሰብርለት ጠፋ። እኔ ልስበር አልኩ፤ ታላቅ ለታናሽ አይሰብርም ብለው ከለከሉኝ። ሳህኑን ሳይሰበር ከእግሩ ስር አኖርነው። ባርኔጣውንም አብረን ቀበርነው፤ እዚያ ታች ጥላ እንዳለው አውቃለሁ፣ ቢሆንም። ሳጥኑን ወደ ጉድጓዱ ስናወርድ ግን፣ እታለም፣ ጠብ ጠብ አለ። መጀመሪያ ሳጥኑ ክዳን ላይ ሰማነው፤ ከዚያ ነጩ የሐዘን ጨርቃችን ራሰ፤ ከዚያ ሁላችንም አፋችንን ከፍተን እንደ ጫጩት ቀና አልን። ለሟች ስንቅ ብለን የለኮስነው የይምሰል የወረቀት ገንዘብ በዝናቡ ጠፋ። እማማ ፌንግ «ተቀበለው፣ ተቀበለው» እያሉ ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። እንዲያ ሆኖ ነው የተሸኘው።

እኔ አሁንም የማታ ትምህርቴን አላቋረጥኩም። ስቀልድ የሚስቅልኝ ግን ጠፋ፤ ከእርጅና ይሆናል። እማማ ፌንግ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሰላምታ ይሰጡኛል፤ ሰላም ሲሉኝ ግን ዓይኔን አያዩም፣ አፌን ነው የሚያዩት። ጥርሴ ላይ ጎመን ተለጥፎ ይሆናል ብዬ አበስኩት። በማግስቱም ያዩታል። ታን የጣቢያው በር ላይ በጠመኔ ዘንዶ ሥሎበታል፤ ከወረዳው ሌላ ሰው እስኪላክ ብረቱ አፉን እንደከፈተ ቆሟል። ሰው አሁንም ቀና ብሎ ጭረት ይቆጥራል። የሚጠረጠር ሌላ ሰው ሲፈልጉ ዓይናቸው ከቤት ቤት ሲዞር አያለሁ፤ እኔም አብሬ አዞራለሁ፣ በእኔ እንዳያርፍ።

እታለም፣ ያለሽበት ምድር ይለምልምልሽ። እንቅልፍሽ ይጣፍጥ፣ ጉልበትሽ ይጽና፣ ማጀትሽ አይጉደል። ለእሱ ያለቀስሽው እንባ ለክፉ አይሁንብሽ። ከተቻለሽ ለመኸር ነይ። ካልተቻለሽም አትምጪ፤ የሚታጨድ የለም።

ፖስታውን ልለጥፍ ስል እጄ እምቢ አለኝ። አንዲት ነገር ፈጥሬያለሁ። በከንቱ አልሞተም ብለሽ እንድትተኚ ብዬ ነው፤ ግን አንቺ ስልክሽ ላይ የአገራችንን ሰማይ ማየት ትችያለሽ፣ ደርሰሽበት ከምታፍሪብኝ እኔው ልንገርሽ። አልዘነበም። ጉድጓዱን ስንመልስ አቧራው እንደ ጭስ ተነስቶ ፊት ለፊት የቆመውን ሰው እንኳ አላይም ነበር፤ ሰው ሁሉ ያለቀሰ የመሰለው ከአቧራው ነው። የወረቀቱም ገንዘብ እስከ መጨረሻው ነደደ። አቧራው ሲጠራ ቀና ብዬ አየሁ። ደመና አልነበረም። ጭረትም አልነበረም፣ አውሮፕላንም አልነበረም፤ የምንሰድበው እንኳ ጠፋ። ከዚህ ደብዳቤ ውስጥ የፈጠርኩት ዝናቡን ብቻ ነው። ዝናቡን ብቻ።

የቀረሽ ወንድምሽ